ውሃው የት ነው?

በሐምሌ መጨረሻ ጋምቤላ የደረስኩ ዕለት ከባሮ ድልድይ ዝቅ ብሎ ባለው ዳርቻ ሦስት ልጆች በውሃው ይወራረዱ ነበር። አንደኛው ጠዋት ዳር ላይ የሰካው እንጨት አሁን መሀል ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሁለተኛው አንዲት ጥቁር ድንጋይ እያሳየ «እስከ ነገ ትዋጣለች» ይላል። ሦስተኛው አትዋጥም ባይ ነው። አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ወንዝ ከኢሉባቦር ደጋ የጠረገውን ቀይ አፈር ተሸክሞ፣ ሰፊና ከባድ ሆኖ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ያልፋል። ልጆቹ ዓይናቸውን ከድንጋይዋ ላይ አይነቅሉም።

የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ተቋም የሕክምና ዕቃ መቀቀያውን፣ ማለትም አውቶክላቩን፣ እንዳይለት ጠርቶኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከእንፋሎት ጋር ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በቦይለር ቤት ፈረቃ ገብቼ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፈረቃ ስረከብ ከሰላምታ ቀድሞ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር፤ ሲረከቡኝም ይጠይቁኝ ነበር፦ ውሃው የት ነው? ልጆቹን ሳይ የታወሰኝ ይኸው ጥያቄ ነው። በዚህ ዳርቻ ደግሞ ጥያቄው ከእኔም ከእነሱም በፊት የነበረ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ ክረምት በገባ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይዘው፣ ወደ ሶባት ታጥፈው፣ ባሮን ቀዝፈው እዚህ ይደርሱ ነበር። ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያራግፋሉ፤ በበቅሎና በሰው ሸክም ከደጋ የወረደውን የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ሱዳን ነፃ በወጣች ማግስት፣ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የከተማዋ ኑሮ በመርከቡ ፉጨት ይቆጠር ነበር ማለት ይቻላል።

ፉጨቱ የሚሰማው ግን ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። ባሮ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መርከብ ይሸከማል፤ በጋ ላይ አሸዋው ይወጣል። የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ክረምት የመጠበቅ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ካፒቴኑ ስለዚህ የውጭውን ውሃ ሲያይ ይውላል።

ከካፒቴኑ እግር በታች ደግሞ ሌላ ሰው የውስጡን ውሃ ያያል። በዓባይ ላይ የሚመላለሱት መርከቦች ብዙ ጊዜ እንጨት ነበር የሚያነዱት፤ በመንገዳቸው ላይ እንጨት ተቆርጦ የሚከመርባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። በዚያ በጋምቤላ ወበቅ፣ ከምድጃ ፊት ለፊት፣ እንጨት ወርዋሪው ፍልጥ ያጎርሳል። ቦይለሩ ውሃውን የሚጠጣው ከዚያው ከሚሄድበት ወንዝ ነው፤ ከነጭቃው። የዚያ ሰው ዓይን ማረፊያ ደግሞ አንዲት ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ ናት። የስሙ መዝገብ አልደረሰንም። እኔ ግን በሥራ ባልደረባነት አስበዋለሁ።

የውጭው ውሃ ሲጎድል መርከቡ ይቆማል። የውስጡ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የቦይለርን ባሕርይ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ላይ ባለችው ጋምቤላ 98 ይደርሳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ውሃውን ከላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር መፍያውም ይጨምራል። ቦይለር ይህን ነገር እስከ ጥግ ይወስደዋል። የግፊት መለኪያው 10 ባር ሲያሳይ በውስጡ ያለው ውሃ 184 ዲግሪ ሆኗል። ያ ውሃ በሙሉ ወደ እንፋሎት ያልተለወጠው ግፊቱ ተጭኖ ስለያዘው ብቻ ነው። ብረቱ አንድ ቦታ ቢቀደድ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ከውሃውም አንድ ስድስተኛ የሚሆነው እዚያው በዚያው እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። 5,000 ሊትር የሚይዝ መካከለኛ ቦይለር እንግዲህ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ 1,300 ሜትር ኩብ ገደማ እንፋሎት ይለቃል። ግድግዳ የሚፈርሰው፣ ጣሪያ የሚነሣው፣ ቦይለሩም ራሱ ከመሠረቱ ተነቅሎ የሚወረወረው በዚህ ነው።

የሚቀድደው ብዙውን ጊዜ የውሃ ማነስ ነው። ምድጃውን የከበበው ብረት በአንድ ወገኑ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሆነ ነበልባል፣ በሌላው ወገን ውሃ አለው። ውሃው እስካለ ድረስ ብረቱ የውሃውን ያህል ይሞቃል እንጂ ብዙ አያልፍም፤ ውሃው ሙቀቱን እየተቀበለ ይወስድለታል። ውሃው ከብረቱ በታች ሲወርድ ግን የሚቀበል የለም። ብረቱ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ያብጣል። በዚህ ሰዓት አንዱ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቅበት ከሁሉ የከፋውን አደረገ፤ የጋለው ብረት በአንድ ጊዜ ይኮማተራል፣ የተለቀቀውም ውሃ በአንድ ጊዜ ይተናል። ስለዚህ ውሃው ከመስታወቱ ከጠፋ ሕጉ አንድ ነው፦ እሳቱን አጥፋ፣ ውሃ አትጨምር፣ ቫልቭ አትክፈት፣ ሰው አርቅ፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ይህን በጽሑፍ ማወቅና ሌሊት በጨለማ ማድረግ ይለያያሉ።

ደጋ ላይ ባለ አንድ ፋብሪካ ገና በወጣትነቴ ስሠራ፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ መብራት ሄደ። በናፍጣ የሚሠራ ቦይለር ቢሆን ኖሮ በርነሩም አብሮ ይጠፋ ነበር። የእኛ እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ መብራት መሄዱን አያውቅም። ምድጃው እንደ ሞላ ነው፤ የውሃ ፓምፑ ግን ቆሟል። ጀነሬተሩ ባትሪው ሞቶ አልነሣ አለ። የፋብሪካው ማሽኖች በሙሉ ስለቆሙ እንፋሎቱን የሚወስደው የለም፤ ግፊቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ሴፍቲ ቫልቩ ጮኸ። መጮኹ ሥራው ነው፤ ጎበዝ ቫልቭ ነበር። ነገር ግን በጮኸ ቁጥር እንፋሎት ይወጣል፣ የሚወጣው እንፋሎት ውሃችን ነው፣ የሚተካው የለም። በባትሪ መብራት መስታወቱን ይዤ ቆሜ ውሃው ሲወርድ አየዋለሁ።

አንዱ ጓደኛችን መቆስቆሻውን አንሥቶ ፍሙን ሊጎትት ሮጠ። የፈረቃው ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ጮኹበት፦ «አትቆስቁሰው! አመድ አልብሰው!» ፍም ሲቆሰቆስ መጀመሪያ ይፋፋማል እንጂ አይበርድም። አመድና እርጥብ አፈር በአካፋ አለበስነው፤ የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ክዳን ዘጋን። ጫጫታው ጋብ አለ። ውሃው ከመስታወቱ ግርጌ አንድ ጣት ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ቆመ።

መብራት በሄደ በ50 ደቂቃው ሲመለስ እጄ ወደ ፓምፑ ሄደ። ጋሼ ያዙኝ። መጀመሪያ መስታወቱን አጠቡት። ይህን የማያውቅ አንባቢ ስለሚኖር ላስረዳ፤ ከቦይለር ሥራ ሁሉ እንደዚህ አጭርና እንደዚህ የሚዘነጋ የለም። መስታወቱ ከቦይለሩ ጋር የሚገናኘው በሁለት ቀዳዳ ነው፤ ከላይ በእንፋሎት በኩል፣ ከታች በውሃ በኩል። ታችኛው በጭቃ ወይም በቅርፊት ከተደፈነ በመስታወቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ባለበት ይቀመጣል፤ ቦይለሩ ባዶ ሆኖ እንኳ «ግማሽ ነኝ» ይላል። ስለዚህ የማፍሰሻውን ቫልቭ ከፍተህ የውሃውን መንገድ ትዘጋለህ፤ እንፋሎቱ ብቻውን መንፋት አለበት። ቀጥሎ የእንፋሎቱን ዘግተህ የውሃውን ትከፍታለህ፤ ውሃው ብቻውን መፍሰስ አለበት። ሁለቱንም ከፍተህ ማፍሰሻውን ስትዘጋ ውሃው ዘልሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዘልሎ ነው፤ እየተንፏቀቀ ከወጣ መንገዱ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። በየፈረቃው ይደረጋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም ነገር አለ። ጢም ብሎ የሞላ መስታወትና ጭራሽ ባዶ የሆነ መስታወት አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ለዚህ ነው በደህና ቦይለር ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመር የተሣለበት ሰሌዳ የሚገጠመው። ውሃ ባለበት መስመሮቹ ወደ ተቃራኒው ዘምበል ብለው ይታያሉ፤ በሌለበት እንዳሉ ናቸው። ያን ሰሌዳ ጥቀርሻ ሸፍኖት ያየሁበት ቦይለር ቤት ስንት ነው። በጨርቅ መወልወል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጋሼ መስታወቱን አጥበው ውሃው እውነተኛ መሆኑን ካዩ በኋላ ፓምፑ ተነሣ፤ ቀስ ተብሎ ተሞላ። ከዚያ መዝገቡን አነሡ። በየሰዓቱ ግፊት፣ የውሃ ልክ፣ የጭስ ሙቀት፣ የሚገባው ውሃ ሙቀት የሚጻፍበት መዝገብ ነው። 9 ሰዓት ከሩብ ነበር። የ9 ሰዓቱ መስመር ተሞልቷል፦ 8 ባር፣ ውሃ ግማሽ። የ10 ሰዓቱም ተሞልቷል፦ 8 ባር፣ ውሃ ግማሽ። 9 ሰዓት ሲሆን እኛ አመድ እያለበስን ነበር። 10 ሰዓት ገና አልመጣም።

«ይሄን ማን አየው?» አሉ።

ጽሕፈቱ የእኔ ነበር። ሁሌ ያው ነው፣ ሌሊት አይለወጥም ብዬ አስቀድሜ ሞልቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ጋሼ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ገጹን ሳይቀድዱና ሳይሰርዙ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የሆነውን በየደቂቃው ጻፉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያላየሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

ሰዎች መዝገቡን ለአለቃ የሚሞላ ወረቀት አድርገው ያዩታል። ቦይለር ግን እንደ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚታመመው፤ የዛሬው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የጭሱ ሙቀት ዛሬ 220 ዲግሪ ነው፤ በሌላው ሳምንት 228፣ በወሩ 240 ይሆናል። ጭነቱ ሳይለወጥ እንዲህ ከወጣ በቱቦዎቹ በአንዱ ወገን ጥላሸት ወይም በሌላው ወገን የውሃ ቅርፊት እየተጋገረ ነው፤ እሳቱ ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ አቅቶት በጭስ ማውጫው ይዞት እየወጣ ነው። ገንዘቡ በጭስ ይሄዳል፤ ብረቱም ከልኩ በላይ ይሞቃል። ይህን የሚያሳየው አንድ ወር ሙሉ በሐቅ የተጻፈ መዝገብ ነው።

ቅርፊቱን ማንም ቤት ያውቀዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው እሱው ነው። ውሃ ሲተን ያዘለው ካልሲየምና ማግኒዥየም አብሮት አይተንም፤ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። በፋብሪካ ውሃው መጀመሪያ ሶፍትነር በሚሉት ጋን ውስጥ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው ሙጫ መሳይ ፍሬ ካልሲየሙን ይዞ ሶዲየም ይለቃል። ፍሬው ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ ተራ ጨው ነው፣ ያ በባሮ በኩል በመርከብ ይገባ የነበረው ዓይነት። ኦፕሬተሩ በየፈረቃው ከሶፍትነሩ የወጣውን ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ጠብታ መመርመሪያ ያደርግበታል። ሰማያዊ ከሆነ ውሃው ለስልሷል፤ ቀይ ከሆነ ጨው ይጠይቃል። ጨው ለመግዛት የግዥ ጥያቄ ሁለት ወር ሲንከባለል ስንት ቱቦ ተቃጥሎ አይቻለሁ። አንድ ኩንታል ጨውና አንድ የተቃጠለ ቱቦ ዋጋቸው አይገናኝም።

የባሮ መርከቦች ጨው አይጎድላቸውም ነበር፤ ሶፍትነር ግን አልነበራቸውም። የእነሱ ጣጣ ጭቃው ነበር። ጭቃ ቦይለር ሆድ ውስጥ ይዘቅጣል፤ መፍትሔው ከሥር ያለውን ቫልቭ ከፍቶ በግፊት ማስወጣት፣ እኛ ብሎው ዳውን የምንለው ነው። ዛሬም በየቀኑ ይደረጋል። እንፋሎት በብዛት በማይፈለግበት ሰዓት፣ ዓይን መስታወቱ ላይ ተተክሎ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይከፈትና ይዘጋል። እጅ ከቫልቩ አይነሣም። «ትንሽ ይፍሰስ» ብሎ ስልክ ሊያነሣ የሄደ ሰው ሲመለስ መስታወቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ካልተደረገ ደግሞ ውሃው ይወፍርና አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ቧንቧ ይገባል። ቧንቧው በመዶሻ እንደተመታ ቋ! ቋ! ሲል የሰማ የፋብሪካ ሰው ይህን ያውቃል። በመስመሩ ውስጥ በእንፋሎት የሚገፋ ውሃ ቫልቭ የመስበር ጉልበት አለው፤ አጠገቡ የቆመን ሰውም ገድሎ ያውቃል። ዋናው የእንፋሎት ቫልቭ ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ በመስመሩ የተኛው ውሃ ተፍስሶ፣ ከዚያ በዝግታ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር የሚዞረው ለዚህ ነው።

በወንዝ ላይ ጭቃ ውሃ እየጠጣ የሄደ ቦይለር ምን እንዳደረገ ዓለም የሚያስታውሰው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1865 ሌሊት ሱልታና የተባለችው መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከሜምፊስ ከተማ በላይ ፈነዳች። የመጫን ፈቃዷ 376 ሰው ነው፤ ከ2,000 በላይ ጭናለች፤ አብዛኞቹ ከምርኮ ተፈትተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ከጉዞው በፊት ከቦይለሮቿ አንዱ አብጦ ታይቷል። ያበጠው ቦታ ተቆርጦ በደንብ መሠራት ሲገባው፣ መርከቧ ተሳፋሪው እንዳያመልጣት ስለቸኮለች፣ ከቀድሞው በሳሳ ብረት ተለጥፎበት ተነሣች። ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905፣ በማሳቹሴትስ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሠራተኛ ሞተ። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ያን ተከትሎ ዛሬ ብዙ አገር የሚመራበትን የቦይለር ደንብ ጻፈ። ዛሬ በየቦይለሩ ላይ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ፣ ከፍተኛ ግፊቱንና የተፈተነበትን የምትናገረው፣ ከእነዚያ ሬሳዎች የመጣች ናት።

በአገራችንም እንፋሎት የፋብሪካ ሁሉ ደም ሥር ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚያ የመተሐራና የፊንጫ፣ የባሕር ዳርና የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ ጠማቂዎቹ፣ ቆዳ ፋብሪካዎቹ፣ ሁሉም ከኋላቸው ቦይለር ቤት አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሠለጥን፣ መከላከያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሠራተኛውም የመሣሪያውን ብልሽት ወዲያው እንዲናገር። ጥሩ አዋጅ ነው። ሆኖም የቦይለር ኦፕሬተር በብዙ ቦታ ደመወዙ ከዘበኛው ብዙም የማይርቅ፣ ወንበሩ ከፋብሪካው ጀርባ ያለ፣ ብልሽት ሲናገር «አንተ ደግሞ ሁሌ ማማረር» የሚባል ሰው ነው። እኔ ይህን በፍጹም አልቀበለውም። መቶ ሰው ከግድግዳው ማዶ ሸማ ሲሸምን ወይም ጠርሙስ ሲሞላ፣ የመቶውን ሰው ውሃ የሚያይለት እሱ ነው።

ያ መብራት የሄደበት ሌሊት ያስተማረኝ ሌላም ነገር ነበር። ቦይለራችን ሲገዛ ኢንጀክተር ነበረው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ዢፋር እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠረው ይህ ዕቃ የሚዞር ነገር የለውም፤ ከቦይለሩ በሚወጣ እንፋሎት ጉልበት ውሃ ስቦ ወደዚያው ቦይለር ያስገባል። መብራት አይፈልግም። የእኛ ግን «አይሠራበትም» ተብሎ ተፈትቶ ቀዳዳው በብረት ተደፍኗል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት አገር፣ እንጨትና ገለባ የሚያነድ ቦይለር ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ለራሱ ይመልስ፦ አሁን በዚህ ደቂቃ መብራት ቢሄድ ውሃውን ማን ያስገባዋል? በእንፋሎት ጉልበት የሚሠራ ፓምፕ ይሁን፣ ኢንጀክተር ይሁን፣ በየሳምንቱ ተነሥቶ የሚፈተን ጀነሬተር ይሁን፣ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በናፍጣ የሚሠራውም የራሱ ጣጣ አለው። በርነሩ አልለኮስ ሲል ኦፕሬተሩ የመመለሻውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። በተጫነ ቁጥር ትንሽ ነዳጅ ይረጫል፤ ያልነደደው ነዳጅ በምድጃው ውስጥ ተንኖ ይጠራቀማል፤ አምስተኛው ላይ ሲለኮስ ምድጃው ይፈነዳል። ሁለት ጊዜ እንቢ ካለ እጅን ማንሣት፣ ምድጃውን በነፋሻው በደንብ ማናፈስ፣ እንቢ ያለበትን ምክንያት መፈለግ ነው።

ወደ ጋምቤላዬ ልመለስ። አውቶክላቩ ከትልቅ ድስት ብዙም አይበልጥም፤ ስድስት የሚጠበቁ ብሎኖች ያሉት ክዳን፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ሴፍቲ ቫልቭ። ትንሽ ነው ብሎ የሚንቀው ይኖራል። እሱም ቦይለር ነው። ውሃ ይፈላበታል፣ ግፊት ይይዛል፤ በ121 ዲግሪ የታዘዘለትን ደቂቃ ቆይቶ መቀስና ጨርቅ ከተሕዋስያን ያጸዳል። እናት የምትወልድበት ክፍል ዕቃ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል።

የጤና ተቋሙ ሲስተር ጠዋት አስገባችኝ። መለኪያውን አየሁት፤ ዕቃው ቀዝቃዛ ነው፣ ክዳኑም ክፍት ነው፣ መርፌው ግን ዜሮ ላይ አልተመለሰም፤ ከዜሮ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቫልቩን አየሁት፤ ዘንጉ በቀጭን ሽቦ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ታስሯል።

«ይሄን ማን አሰረው ሲስተር?»

«ጋሼ፣ እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር። ስስ ስስ እያለ እንፋሎት ይጨርስብናል ብለው ነው አሉ።»

አልተቆጣሁም። ስስ የሚል ቫልቭ ወይ መቀመጫው ቆሽሿል፣ ወይ ምንጩ ደክሟል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚስተካከሉ ናቸው። የታሰረ ቫልቭ ግን የሌለ ቫልቭ ነው፤ ከሌለ ቫልቭ የሚብሰውም ያለ ስለሚመስል ነው። ወደ ዜሮ የማይመለስ መለኪያ ደግሞ ሁልጊዜ ይዋሻል። ሁለቱንም ፈታሁ። ይዤ የመጣሁትን አዲስ ቫልቭና መለኪያ ገጠምኩ፤ የክዳኑን ጎማ ቀየርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። ውሃው ከመደርደሪያው በታች ባለው ምልክት ድረስ ተሞላ፤ ሲስተር ራሷ ጎንበስ ብላ አየችው። ክዳኑ ተዘጋ፤ ብሎኖቹ እንደ ጎማ ብሎን በተቃራኒ በተቃራኒው ተጠበቁ። የአየር መውጫው ክፍት ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ተነፈሰ፤ አየር ውስጥ ከቀረ ግፊቱ ቢወጣም ሙቀቱ አይደርስምና ዕቃው አይጸዳም። ከዚያ ተዘጋ። መርፌው መውጣት ጀመረ። ከሚሠራበት አሳልፌ ሆን ብዬ ለቀቅኩት፤ ቫልቩ በተጻፈበት ቁጥር ላይ ብድግ ብሎ ፉጨቱን ለቀቀ። በደጅ የቆሙ ሴቶች ዞረው አዩን። ሲስተር ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደችና ሳቀች፦ «እንዲህ ነው እንዴ የሚጮኸው?»

ክዳኑ መርፌው ዜሮ እስኪደርስ እንደማይከፈት ታውቃለች፤ ክንዷ ላይ ያለውን አሮጌ ጠባሳ አሳየችኝ። አንድ ደብተር አምጥታ በማስመሪያ መስመር አሰመረች፦ ቀን፣ ውሃ፣ የተነሣበት ሰዓት፣ 121 የደረሰበት፣ የቆመበት፣ ፊርማ። የመጀመሪያውን መስመር ሞላች። በመሀል መብራት ቢሄድስ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና ከገጹ ግርጌ ጻፈች፦ «መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ይደገም።»

ሲመሽ ወደ ባሮ ወረድኩ። ጥቁሯ ድንጋይ አትታይም። አንደኛው ልጅ እንጨቱን ነቅሎ ሁለት እርምጃ ከፍ ብሎ ሰክቶታል፤ ሦስቱም ቁጢጥ ብለው ያዩታል።